የየብርጓል ልጅ በሁለት ትምህርት ቤት

የየብርጓል እጆች እንዶድ ይወቅጡ ነበር። ከወንዙ ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ ከዘመን ብዛት መሀሉ ጎድጉዷል። የደረቀውን ፍሬ በእፍኟ እየዘገነች እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ትጨምርና በድቡልቡል ድንጋይ ትደቁሰዋለች፤ ውሃ ጠብ ስታደርግበት ነጭ አረፋ ኩፍ ብሎ ይነሣል። ጣቶቿ ቀጫጭን ነበሩ፤ የጥፍሮቿን ዳር እንዶዱ አቃጥሎታል። ዓይኗን ከድንጋዩ አታነሣም። ስታፍርም፣ ስትፈራም፣ ስታስብም እጇን እንጂ ሰው አታይም፤ የሚያውቋት ሁሉ ይህንኑ ይናገሩላታል።

ፍልሰታ ከተፈታ ጥቂት ቀን ሆኖታል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሦስተኛው ክረምት ነበር። በዚያ ወራት ጠዋት ጠዋት ጉም ከወንዙ ተነሥቶ ዳገቱን እየዳበሰ ይወጣል፤ መጀመሪያ ቁጥቋጦውን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ በመጨረሻ ቤቶቹን ይውጣቸዋል። እዚያ ውስጥ የሚታየው እጅ የሚደርስበት ያህል ብቻ ነው፤ የሚሰማው ግን ሁሉ ነው።

ከላይ፣ ከማርያም ቅጥር፣ የየኔታ አካለ ወልድ ተማሪዎች ይጮኻሉ። አንዱ ሀሁ ይላል፤ ሌላው አቡጊዳ ይላል፤ ከፍ ያሉት ንባብ ያነባሉ፤ ሁሉም በየራሱ ትምህርት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ ሁሉም በሙሉ ድምፁ። እንግዳ ሰው ቢሰማ ከቀፎ የወጣ ንብ ይመስለዋል። የብርጓል ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ የልጇን የወለላን ድምፅ ነጥላ ታወጣዋለች። ወለላ አንድ መስመር አንብባ ስትጨርስ ድምፅዋ ይሰበርና እንደ ግልገል ወደ ላይ ይወጣል። እናትየዋ ያንን በሰማች ቁጥር ድቡልቡሉ ድንጋይ ትንሽ ቆም ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላል።

አጠገቧ ልብስ ታጥብ የነበረችው ጎረቤቷ ሽታዬ ነበረች። ሽታዬ ድምፀ ትልቅ፣ ሳቂታ ሴት ናት። ልጇን ከፋሲካ በኋላ ወደ ጣሊያኑ ትምህርት ቤት አስገብታለች፤ ከዚያ ወዲህ ወንዝ የምትወርደው በእንዶድ ሳይሆን ልጇ ይዛ በምትመጣው ሳሙና ነው። ሳሙናዋንም ሰው እንዲያይላት ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጋ ታስቀምጠዋለች።

«አንቺ ግን እስከ መቼ ነው ልጅሽን እዚያ ሽማግሌ እግር ሥር የምታስቀምጫት?» አለቻት። «የኔታ ቤት የገባ ቅማል እንኳ ከነልጁ ንባብ ደርሷል።»

ወዲያ ማዶ ቆቧን ታጥብ የነበረች አንዲት መነኩሲት ቀና ሳትል፣ «የሳቸው ቅማል ንባብ ደርሷል፤ ያንቺ ልጅ ምን ደረሰች?» አለች።

ሽታዬ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። ልጇ ጠዋት ትኩስ ሾርባ እንደምትጠጣ፣ ነጭ ሸሚዝ እንደ ተሰጣት፣ ስትቀመጥም በድንጋይ ላይ ሳይሆን በአግዳሚ ላይ መሆኑን ዘረዘረች። መነኩሲቷም የየኔታ ልጆች እንደሚገረፉ አልካደችም፤ ቢያንስ ግን ምን እንደሚማሩ ከወንዝ ሆኖ ይሰማል፣ የዚያኛው ቤት ልጆች ምን እንደሚማሩ በሩ ላይ ቆሞ እንኳ አይሰማም አለች። ሽታዬ ሳሙናዋን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

የብርጓል እንዶዷን መውቀጧን ቀጠለች። የሁለቱን ቤት ነገር ለመመዘን ከሷ የባሰ የተቸገረ ሰው ግን በዚያ ሰፈር አልነበረም።

የተወለደችው ደብረ ኤልያስ ነው፤ ከገበሬ ቤት። ባሏ አንሙት ከደምበጫ ገበያ በቅሎ እየገዛ የሚሸጥ ሰው ነበርና ካገባት በኋላ ወደ ከተማ አምጥቶ ከወንዙ በላይ ቤት ሠራላት። ከወለላ በፊት ሥራነሽ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ሥራነሽ አንድ የጉም ቀን ምንጭ ወርዳ ውሃ ስትቀዳ ፊቱን ያላየችው ሰው በስሟ ጠራት። «አቤት» አለች። ዞር ብትል ማንም የለም። ማድጋዋን ሞልታ ወደ ቤት ገባች፣ የሆነውንም ለእናቷ እየሳቀች ነገረቻት፤ በዚያው ሰሞን በትኩሳት ሞተች።

ከዚያ ወዲህ የብርጓል ወለላን አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ያስተማረቻት አንድ ነገር ነው፤ ፊቱን ያላየሽው ሰው ቢጠራሽ አቤት አትበዪ፤ እስኪደግም፣ እስኪሠልስ ዝም በዪ፤ ክፉ ነገር ሦስት ጊዜ አይጠራም። ይህን በዚያ አገር የማያውቅ እናት የለም። የብርጓል ግን እንደ ሌላው እናት ሲመቻት የምትናገረው አልነበረም፤ እንደ ጸሎት ጠዋትና ማታ ነው የምታስደግማት።

አንሙት ባለፈው በጋ ዱር ገብቷል። የብርጓል ለጠየቃት ሁሉ ለንግድ ጉንደ ወይን ሄዷል ትላለች። ሰዉም እሺ ይላታል። አልፎ አልፎ፣ ጨለማ ተገን አድርጎ፣ ስንቅ ሊወስድና ልጁን ሊያይ ይመጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ለመስቀል ሰሞን እንደ ነበረ ወለላም ሰምታለች፤ ቤቱ ጠባብ ነውና ለመሸሸግ አይመችም።

ከወንዝ በተመለሰችበት በዚያው ቀን ታረቀኝ ደጇ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ታረቀኝ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነው፤ የዚሁ ሰፈር ልጅ፣ ቀድሞ እሱም የየኔታ ተማሪ የነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገር መሬት መሬት ያያል። የሰፈሩ ልጆች ወደ መንግሥቱ ትምህርት ቤት እንዲገቡ መታዘዙን፣ ይልቁንም አባታቸው በዓይን የማይታይ ልጆች እንደሚፈለጉ ነገራት።

«ነጋዴ ነው ብለሻል፤ እኔም ነጋዴ ነው ብያለሁ» አላት። «ልጅቱ ካልመጣች ግን የት እንደምትውል የሚጠይቅ ይመጣል። የሷን ከጠየቁ ያባቷን ይጠይቃሉ። ላኪያት እታለም።»

የብርጓል ልጇን ከመላኳ በፊት ሁለቱን ቤቶች በዓይኗ ልታይ ወጣች። ለሷ ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር።

የየኔታን ቤት ታውቀዋለች። ከወይራ ሥር የቆመች የሣር ጎጆ ናት፤ ተማሪው በብዛት የሚቀመጠው ደጅ፣ በየራሱ ድንጋይ ላይ ነው። የኔታ ዓይነ ስውር ናቸው። ልጅ ሲሳሳት ከሩቅ ሰምተው ስሙን ይጠራሉ፤ አለንጋው እስኪደርስበት ልጁ ራሱ ያርማል። ተማሪውን በዓይን አይቆጥሩም፣ በድምፅ ነው የሚቆጥሩ። ጠዋት ጩኸቱ ሲጀመር ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጉና፣ «እገሌ ቀርቷል፣ እገሊት ጉንፋን ይዟታል» ይላሉ። ልጆቹ ተጎሳቁለዋል፤ እግራቸው ቆስሏል። ወለላ ግን እዚያ ፊደል ቆጥራ ውርድ ንባብ ደርሳለች።

ከዚያ ወደ ጣሊያኑ ትምህርት ቤት ወጣች። የአንድ የሞቱ መኮንን ቤት ነበር፤ ፎቅ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ግድግዳው አዲስ ኖራ የተቀባ። ግቢው ተጠርጓል። ልጆቹ በነጭ ሸሚዝ፣ በሰልፍ፣ ጉሙ ውስጥ ቆመዋል፤ ከኋላ የቆሙት ሸሚዛቸው ከጉሙ ጋር ተዋህዶ ጭንቅላታቸው ብቻ ነበር የሚታየው። ከፎቁ መስኮት አፉ የሰፋ የቆርቆሮ ጡሩምባ ወጥቷል። ከጡሩምባው ኋላ ያለውን ሰው ማንም አያየውም፤ የሚታየው ጡሩምባውን የያዘው ነጭ እጅጌ ነው። ስም ይጠራል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። የተጠራው ልጅ «ፕረዘንቴ» ይላል፤ አለሁ ማለት ነው። ሰውዬው ከስሞቹ በቀር ቅንጣት አማርኛ እንደማያውቅ ታረቀኝ ነግሯታል።

ልጆቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ በአጥሩ ተጠግታ ጠበቀች። ጩኸቱ እስኪጀመር ነበር የምትጠብቀው። ምንም አልተጀመረም። ያ ሁሉ ልጅ ከዚያ ግድግዳ ኋላ ተቀምጧል፤ የሚሰማው ግን ከቆርቆሮው ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነበር። የብርጓል በሕይወቷ ዝም ያለ ትምህርት ቤት አይታ አታውቅም። ልጅ ድምፁን ካላወጣ ትምህርቱ በየት በኩል እንደሚገባው አልታያትም። ቁማ ቁማ ቅዝቃዜው ሲገባት ሄደች።

ሾርባው፣ ሸሚዙ፣ አግዳሚው በዚህኛው ቤት ይበልጣል። በዚያኛው ደግሞ ልጅ የት እንዳለች ከወንዝ ሆኖ ይታወቃል። ምርጫው የሷ ቢሆን የቱን እንደምትመርጥ ግልጽ ነው። ምርጫው ግን የሷ አልነበረም። በማግስቱ ወለላን አጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ ወስዳ ለጣሊያኑ ትምህርት ቤት ሰጠቻት። ለየኔታ ለመንገር አፍራ ዝም አለች።

ጥቂት ቀን አለፈ። የብርጓል የወለላን የትምህርት ዋጋ የምትከፍለው የየኔታን ጋቢና ጥምጥም እያጠበች ነበርና፣ ያጠበችውን ይዛ ከሰዓት በኋላ ተማሪው ሲበተን ወደ ማርያም ወጣች። ይህን እንኳ ሰጥቼ ልንገራቸው ብላ ነው። የኔታ ጋቢውን ተቀብለው አሸተቱት፣ መረቋት።

«ልጅሽ በርትታለች» አሉ ደስ ብሏቸው። «ያ የሚያስቸግራት ቦታ ነበር፤ ዛሬ አለፈችው። ድምፅዋም ጠርቷል።»

የብርጓል እጇን አየች። «የኔታ፣ ሳልነግርዎ ቀርቼ ነው። ወለላን ካስቀረኋት ሰነበትሁ። ያለችው ቆርቆሮው ቤት ነው።»

«ዛሬ ጠዋት ከቀኜ ሆና ስታነብ የነበረችው ማን ናት ታዲያ?»

«ዛሬ ጠዋት እስከ በሩ ያደረስኋት እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

ሽማግሌው ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ዘረጉት፣ እንደገና አጣጠፉት።

«እኔ ዓይን የለኝም ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «አትቁጠራት ካልሽኝ እተዋታለሁ። አልሰማኋትም በል ግን አትበዪኝ።»

በማግስቱ የብርጓል ወለላን ከጣሊያኑ በር አድርሳ፣ ስትገባ አይታ፣ በዚያው ወደ ማርያም ወረደች። ጉሙ ከአጥሩ እኩል ነበር። ጩኸቱ ተጀምሯል። ቆማ አዳመጠች። ሀሁው አለ፣ አቡጊዳው አለ። ከነዚያ መካከል፣ ከየኔታ ቀኝ በኩል፣ አንዲት ልጅ ታነባለች። መስመሩ ሲያልቅ ድምፁ ተሰብሮ ወደ ላይ ወጣ።

አጥሩን ዞራ ገባች። ልጆቹ በየድንጋያቸው ላይ እየተወዛወዙ ይጮኻሉ። ከየኔታ ቀኝ ያለው የወለላ ድንጋይ ባዶ ነበር። እሷ ስትገባ ያ አንዱ ድምፅ ቆመ፤ ሌላው ቀጠለ። ከአጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ በዓይኗ ጠየቀችው፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ንባቡን ቀጠለ እንጂ ያን ድንጋይ አላየውም። ሌላ ልጅ ለምን እንዳልተቀመጠበት የጠየቀ የለም። የብርጓል ጎንበስ ብላ በመዳፏ ነካችው። የሌሎቹ ድንጋዮች ዳር ዳር በጤዛ ረጥቧል፤ ያ ግን ደረቅ ነበር፣ ሰው ገና አሁን እንደ ተነሣበትም ይሞቃል።

ያን ቀን ማታ ወለላን አጠገቧ አስቀምጣ ፊቷን፣ እጇን፣ አንገቷን ዳበሰችው። ልጅቱ ጤነኛ ናት። ትበላለች፣ ትጫወታለች። እዚያ ምን እንደምትማር ስትጠይቃት፣ እንጽፋለን አለቻት። ጮኸሽ አታነቢም ወይ አለቻት። እዚያ አፍ አይከፈትም አለች ወለላ።

በዚያ ሳምንት ታረቀኝ እንደገና መጣ። ይህን ጊዜ ደጅ አልቆመም፤ ገብቶ በሩን መለስ አደረገው። ወለላ በየቀኑ ትመጣለች፣ እሱ ራሱ አግዳሚው ላይ ያያታል፤ ስሟ ሲጠራ ግን አትመልስም። መልስ ያልሰጠ ልጅ እንደ ቀረ ነው የሚቆጠረው። መስኮቱ ላይ ላለው ሰውዬ ወለላ አንሙት አንድም ቀን መጥታ አታውቅም።

«አለች ብዬ ነግሬዋለሁ» አለ ታረቀኝ። «እሱ የሚያምነው የሰማውን ነው። የት ነው የምትውለው፣ ለማን ነው ስንቅ የምታደርሰው ማለት ጀምሯል። ሰኞ ካልመለሰች ቤትሽን ይፈትሻሉ።»

የብርጓል ነገሩ ወዲያው ገባት። ልጅቱ ያደረገችው የተማረችውን ነው። ፊቱ የማይታይ ሰው አንድ ጊዜ ጠራት፤ ዝም አለች። ደግሞም ሠልሶም አልጠራትም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሌላው ሰው ገበያ ሲወርድ፣ የብርጓል ለስምንት ዓመት ያስተማረችውን ልታፈርስ ተነሣች። ወለላን መደብ ላይ አስቀምጣ ራሷ ከበሩ ኋላ ተደበቀችና፣ «ወለላ» አለች።

ዝም።

«አቤት በዪ እንጂ።»

«አላየሁሽማ እምዬ» አለች ወለላ።

ወጥታ ፊቷን አሳየቻት፣ ተመልሳ ተደበቀች፣ እንደገና ጠራቻት። ልጅቱ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። እናትየዋ ከበሩ ኋላ ሆና አለቀሰች፤ ልጅቱም መደቡ ላይ ሆና አለቀሰች። ፀሐይ ዘንበል እስክትል እንዲህ ሲጠራሩ ዋሉ። በመጨረሻ ወለላ በቀጭኑ፣ «አቤት» አለች። የብርጓል ከበሩ ኋላ ስትወጣ ልጇ ፈገግ ብላ ነበር የጠበቀቻት። እሷ ግን ያን አቤት ስትሰማ ሥራነሽ ማድጋዋን ተሸክማ እየሳቀች ስትገባ ታያት።

ሰኞ ጠዋት ወለላ መለሰች። የብርጓል በአጥሩ በኩል ሰማቻት። መስኮቱ፣ «ወለላ አንሙት» አለ፤ ልጅቱ፣ «ፕረዘንቴ» አለች፤ የቃሉ መጨረሻ ተሰብሮ ወደ ላይ ወጣ። ነጩ እጅጌ ትንሽ ቆም አለና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። እናትየዋ እፎይ ብላ ወደ ወንዝ ወረደች። እንዶዷን ድንጋዩ ላይ አደረገች። ከላይ የየኔታ ልጆች ይጮኻሉ። አንድ ድምፅ ጎድሏል። ጆሮዋን ሰጥታ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ አልመጣም። የኔታም በዚያ ጠዋት ጩኸቱን በእጃቸው አስቁመው፣ «ወለላ ዛሬ ገና ቀረች» ማለታቸውን ልጆቹ አወሩ።

ወለላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደስ ብሏት ነበር። ሾርባ ጨምረውላታል።

«የመስኮቱ ሰውዬ አነጋገረኝ» አለች።

የብርጓል እጇን ከሥራዋ አነሣች። «ታረቀኝ ነው ያስተረጎመልሽ?»

«የለም። ታረቀኝ አልነበረም። ራሱ ነው፤ በኛው አነጋገር፣ ልክ እንደኛ አገር ሰው። ሁሉም ሲገቡ እኔን ብቻ ጠራኝ፤ ፕረዘንቴ አልሁ። አባትሽ ደግሞ መቼ ነው የሚመጣው አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ደወሉ ተደወለ። ነገ ትነግሪኛለሽ አለኝ።»

«ነገ ቢጠይቅሽስ?»

ወለላ ግራ ገብቷት አየቻት። «አንድ ጊዜ ሲጠሩሽ መልሺ ብለሽኛል እኮ እምዬ።»

የብርጓል ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ልጅቱን አፏን ያዥ ብትላት፣ ቅዳሜ ክፈቺ ያለቻት ራሷ ናት። ነገ ልጅቱ እዚያ ግቢ ከቆመች አንሙት ያልቅለታል። ካልቆመች ደግሞ ቀርታለች ይባላል፤ ፀሐይ ሳይከር ፈታሾች ደጇ ላይ ይቆማሉ፤ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ አባቷ ቤት፣ ልጅ አዝሎ ለሚሄድ እግር ደግሞ ቅርብ አይደለም። ትንሽ ጊዜ የሚያስገኝላት አንድ ምክንያት ብቻ ታያት። ልጄ ታማብኛለች፣ ጠበል ልውሰዳት ብላ ፈቃድ ብትጠይቅ፣ ታረቀኝ ይሁን ማንም፣ ጠበል አትውሰጃት የሚላት አይኖርም። የታመመን ልጅ ጠበል ያደረሰች እናት እስክትመለስ ድረስም ማንም አይፈልጋትም።

ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ያላትን ጥሬ በአገልግል አድርጋ ወገቧ ላይ አሰረች። ወለላን የታመመ ሰው እንደሚሸፈን በጋቢ ጠቅልላ አዘለቻት፤ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ማንም ቢጠራሽ ዝም በዪ አለቻት። ልጅቱ እንደ ድሮው ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ፣ እንደ ድሮው አለች እናቷ።

ጉሙ በዚያ ቀን ከሁሉ ቀን የወፈረ ነበር። የትምህርት ቤቱን በር ያገኘችው ግንቡን በእጇ እየዳበሰች ነው። ዘበኛው ብርዱን ሸሽቶ ወደ ጎጆው ገብቷል። በሩ ገርበብ ብሏል። ልትገባ እጇን መዝጊያው ላይ ስታሳርፍ ከላይ ጡሩምባው ጀመረ። ስም ይጠራል፣ ልጅ ይመልሳል፤ ልጆቹ አይታዩም፣ ድምፃቸው ከነጩ ውስጥ ይወጣል። የሽታዬ ልጅ ተጠራች፣ መለሰች። የብርጓል ልጇ ሳትጠራ ለመድረስ አንድ እግሯን አስገባች።

«ወለላ አንሙት» አለ ጡሩምባው።

የብርጓል፣ ታማለች ልትል አፏን ከፈተች።

«ፕረዘንቴ» አለች አንዲት ልጅ ከግቢው መሀል። ቃሉ መጨረሻው ላይ ተሰብሮ ወደ ላይ ወጣ።

በጀርባዋ ያለችው ልጅ አፏን አልከፈተችም። ጉንጯ ከእናቷ አንገት ጋር ተጣብቋል፤ የብርጓል ትንፋሿ ሲገባና ሲወጣ ይታወቃታል። መስኮቱ ቆም አላለም፤ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

«እምዬ» አለች ወለላ በጆሮዋ። «ማናት?»

የብርጓል አንድ እግሯ በር ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ፣ እንደዚያው ቆመች። ገብታ ልጄ ታማለች ብትል፣ የቷ ልጅሽ፣ ይህች ስትመልስ ይሏታል። የታዘለችውን ቢያዩአት ደግሞ ሁለት ይሆናሉ፤ ከሁለቱ የትኛይቱን ይዘው የትኛይቱን እንደሚመልሱላት አታውቅም። ዝም ብትል ግን ወለላ አንሙት አልቀረችም፤ መጥታለች፣ ተሰልፋለች፣ መልሳለች። ማንም ሊፈልጋት አይወጣም። እግሯን ቀስ አድርጋ መለሰች። እጇን ከመዝጊያው ላይ አንሥታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ግንቡን እየዳበሰች ወደ ደብረ ኤልያስ መንገድ ወጣች።

የቀረውን የሰማሁት ከሽታዬ ልጅ ነው፤ አርጅታም ስታወራው ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። የወለላ የአግዳሚ ቦታ ባዶ ሆነ፤ ልጆቹም አልተጠጋጉበትም። ጠዋት ጠዋት ስሟ ይጠራል፣ ይመለሳል። ሰልፍ ላይ እሷ በምትቆምበት ቦታ የቆመ የለም፤ ከኋላና ከፊት ያሉት ግን ክፍተቱን ይጠብቁላት ነበር። የብርጓል ልጇን ይዛ በሄደችበት ቀን ልጆቹ ሲገቡ ጡሩምባው አንዱን ስም ለይቶ ጠራ፣ በጥሩ አማርኛም ስለ አባት ጠየቀ። ከባዶው ግቢ የመጣው መልስ፣ «ፕረዘንቴ» ነበር። ሌላ ጠየቀ፤ «ፕረዘንቴ» አለች። ልጅቱ በዚያ ግቢ ውስጥ ከዚያ ቃል ሌላ ተናግራ አታውቅምና፣ የቀረውም ድምፅ ሌላ አያውቅም። ታረቀኝ ባዶውን አግዳሚ በየቀኑ ያየዋል፣ ከዚያም መሬት መሬት ያያል፤ ለማንም አልተናገረም። የብርጓልን ቤት የፈተሸ የለም።

አንሙት መሄዳቸውን ሰምቶ በመስቀል ሰሞን ደብረ ኤልያስ ደርሶ ሚስቱንና ልጁን አገኘ። ጣሊያን ሲወጣ በሕይወት ነበር። ወለላ እናቷ አገር አድጋ፣ እዚያው አግብታ፣ ልጆቿን ከሌላ የኔታ ዘንድ አስተምራለች። የብርጓል ወደ ከተማው ቤቷ አልተመለሰችም። የልጅነት ሰፈሯ ወንዝ ዳር እንዶድ እየወቀጠች ኖረች። በስተርጅናዋ ጆሮዋ ደከመ፤ ይህም አላሳዘናትም ይባላል።

አንድ ነገር ግን እስክትሞት ይከነክናት ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ያ ቤት እንደገና ትምህርት ቤት ሆነ ሲሏት፣ ሄጄ ልንገራቸው፣ ልጄ ከዚያ ቤት ወጥታለች፣ ስሟን አትጥሩ ልበላቸው ትል ነበር። በየዓመቱ ክረምቱ ይውጣ፣ ጉሙ ይገፈፍ እያለች ታቆየዋለች። ክረምቱ ይወጣል፣ ጉሙም ይገፈፋል፣ ሌላ ሥራ ይመጣል። ያን ቀን በሩ ላይ አፏን ከፍታ ሳትናገረው የመለሰችው ጉዳይ እንደዚያው ቀረ፤ ወለላ ከዚያ ትምህርት ቤት መውጣቷን እስከ ዛሬ ሄዶ የነገራቸው የለም።